ለፖከር የተጾመ ጾም

ማኒላ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት

ገና አልነጋም፤ ሙቀቱ ግን ቀድሞን ነቅቷል። ሁለት ሻንጣ፣ አንድ የአንገት ትራስ፣ ከሆቴሉ ደጃፍ በሁለት መቶ ፔሶ የገዛሁት ሩዝ በእንቁላል። ባለታክሲው በመስታወቱ ያየኛል።

«ቦስ፣ አሸነፍክ?»

«ትናንት ከሰዓት ተሰናበትኩ።»

«ሌላ ጊዜ» አለና ራዲዮኑን ከፈተ። በዘጠኝ ዓመት ከዚህ የተሻለ ማጽናኛ አልሰማሁም።

እንጀራዬ የፖከር ውድድር ነው። መግቢያ ከፍለህ ትቀመጣለህ፤ ያለህ ሲያልቅ ትነሣለህ፤ በመጨረሻ አንድ ሰው ብቻ ይቀራል። ማኒላ፣ ጄጁ፣ ሆቺሚን፣ ደግሞ ማኒላ። አብዛኛውን ጊዜ ቀድሜ የምነሣው እኔ ነኝ። አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ አጠገብ ሆፕኪንስ የምትኖረው እናቴ ይህን አታውቅም። ድሮ ስትጠይቀኝ በችኮላ «ስብሰባ አዘጋጅ ነኝ» ብያታለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ አሁን እሁድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ስለ ሥራዬ እንድመሰክር ቀጠሮ ይዛልኛለች። ከዚያ በፊት እውነቱን ልነግራት ነው የምሄደው።

ኢንቾን አውሮፕላን ማረፊያ፣ ቀትር ላይ

የስድስት ሰዓት ጥበቃ። የሚያቃጥል ኑድል፣ ጫማቸውን አውልቀው የተኙ መንገደኞች። ከእናቴ ጋር የተጻጻፍነውን ወደ ኋላ እያነበብኩ ነው። የመጨረሻዎቹ ጥቂት ተጫዋቾች ወደሚቀሩበት ጠረጴዛ በደረስኩ ቁጥር «ነገ ትልቅ ቀን ነው፣ ጸልዪልኝ» እላታለሁ። እሷም ለጸሎት ቡድኗ ሰባት ሴቶች ትነግራለች፤ «ጾም ጸሎት ይዘናል» ብላ ትመልሳለች። መጀመሪያ ሰሞን ስቄ ነበር። በኋላ ግን መልእክቱን ሳልልክ መጫወት ፈራሁ።

ሚኒያፖሊስ፣ በዚያው ቀን ከሰዓት

የመንገዱ ዳር በረዶ ጠቁሯል። እናቴ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች መጣች።

«ሺፍቴን ቀይሬ ነው የመጣሁት። ናቲ፣ ምነው እንዲህ ከሳህ?»

አውራ ጎዳና ስልሳ ሁለትን ይዘን ወደ ምዕራብ ስንነዳ ነገርኳት።

«እማዬ፣ ስብሰባ አይደለም የምሠራው። ፖከር ነው። ፕሮፌሽናል ነኝ።»

«ቁማር?»

«ቶርናመንት ነው፤ ውድድር…»

«ቁማር ነው ወይ አልኩህ?»

«አዎ።»

ፍሬቻ አሳይታ፣ ትከሻዋ ላይ ዞራ አይታ፣ መስመር ቀየረች። የሰው ፊት በማንበብ ነው የምኖረው፤ የእሷን ግን ማንበብ አቃተኝ።

«እኛ በጾምንበት ቀን አሸንፈህ ታውቃለህ?»

«አንዴ፣ ጄጁ ላይ።»

«መጨረሻ ላይ ከማን ጋር ቀረህ?»

«ከአንድ ቬትናማዊ። የልጆቹን ፎቶ አሳይቶኝ ነበር።»

«እሱስ እናት የለውም?»

በጣም አፈርኩ።

«ከጸሎት ቡድናችን አልማዝ የዚያን ቀን ደብል ሺፍት ሠርታ ነው የጾመችልህ» አለች። «በሽተኛ እያነሣች፣ ውኃ እንኳን ሳትቀምስ።»

ሆፕኪንስ፣ ለ12 ሩብ ጉዳይ

መኪናዋን ከአፓርትማው ጀርባ አቁማ ሞተሩን አጠፋች። ስልኳን አውጥታ መጻፍ ጀመረች።

«የእሁዱን እየሰረዝሽው ነው?» አልኳት። ብትሰርዘው ደስ ባለኝ ነበር።

አንብባ አሰማችኝ፦ «ልጄ በሰላም ገብቷል። ነገ ለእሱ ጾም ጸሎት እንያዝ። ጉዳዩን እሁድ ቆሞ ራሱ ይነግራችኋል።»

ሻንጣዎቹን ሦስተኛ ፎቅ ሳናደርስ ሰባቱም «አሜን» ብለው መለሱ።