ከጥቁሩ ሸሚዝ ሥር

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄን የደንብ ልብስ ላሰፋ ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄጄ ነበር። ሰውየው ጥቁር ጨርቅ ዘረጋና ጫፉን በመቀስ ነካ አድርጎ በሁለት እጁ ሸረከተው። የአዲስ ጨርቅ ሽታ፣ ያ የቀለምና የሙጫ ሽታ፣ አፍንጫዬን መታኝ። ወንበር ስጡኝ አልኩ። የልጅ ልጄ ደንግጣ፣ «አባባ፣ አመመዎት?» አለችኝ። አላመመኝም። አንተም ልጄ፣ ስለ ጣልያን ጊዜ ስትጠይቀኝ ሁልጊዜ በሌላ ወሬ አልፍሃለሁ። ዛሬ ልንገርህ።

ያኔ ዐሥራ አራት ዓመቴ ነበር። አባቴ አንድ በጋና አንድ ክረምት ዱር ከርሞ ለጣልያን ገብቷል፤ ጠመንጃውንም አስረክቧል። እንደ ገቡት ሰዎች ሁሉ እሱም ልጅህን ደብረ ማርቆስ ከተከፈተው የጣልያን ትምህርት ቤት አስገባ ተባለ። እምቢ ቢል ልቡ አሁንም ዱር ነው ሊባል ነው። ስለዚህ ገባሁ።

በመጀመሪያው ቀን ፀጉራችንን እስከ ቆዳው ላጩን፤ ራሳችንንም በላምባ አሹን። ከዚያ ጥቁር ሸሚዝና ካኪ ቁምጣ አደሉን። አስተርጓሚው ደረጃው ላይ ቆሞ ደንቡን ከወረቀት አነበበልን። ኩታ ለብሶ መምጣት ክልክል ነው። ጋቢ ክልክል ነው። ሸሚዙ እስከ አንገት ድረስ ይቆለፋል። ከሸሚዙ ሥር ሌላ ልብስ መልበስ ክልክል ነው። የመጨረሻው ለምን እንደ ተጨመረ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ ከሥር የሚደበቅ ነገር ይፈሩ ነበር።

እናቴ ሸሚዙን ስታይ ደጃፉን ዘግታ ቆመች። ወንድሟ ገና ጮቄ ተራራ ላይ እየተዋጋ ነበር። «ይህን ለብሰህ ደፌን አታልፍም» አለችኝ። አባቴ መሬት መሬቱን አየ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሸሚዙ አጥር ላይ ያድራል፤ እኔም ጠዋት ጠዋት ደጅ ቆሜ እለብሰዋለሁ። ውርጭ ያደረበት ጨርቅ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚመስል ለማንም አልመኝም። እናቴ አንድ ቀን እንኳ አላጠበችልኝም። ራሴ ወንዝ እየወረድኩ በእንዶድ አጥበው ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ከዚሁ የተነሣ ነው። ራሴ ስለማጥበው ከሁሉም ልጆች የእኔ ሸሚዝ ንጹሕ ሆነ። ማዬስትሮ የምንለው ጣልያናዊ መምህር አንድ ጠዋት ከሰልፍ አወጣኝና ክንዴ ላይ ነጭ ጥብጣብ አሰረልኝ። የረድፍ አለቃ ሆንኩ። ደወል ሲደወል ልጆቹ እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው ይቆማሉ፤ እኔ በፊታቸው እያለፍኩ ቁልፍ አያለሁ፣ ኮሌታ አያለሁ፣ ጥፍር አያለሁ፤ ያጠፋውን እናገራለሁ። የተነገረበት አምስት አለንጋ ይቀምሳል።

ልዋሽህ አልፈልግም፤ ወደድኩት። ቤት ውስጥ ቀና ብሎ የሚያየኝ የለም። እዚያ ግን ስመጣ ልጆቹ ትንፋሻቸውን ይይዙ ነበር።

ከረድፌ ውስጥ የሸማኔው ልጅ ነበር። ቤታቸው ከአጥራችን በታች ነው፤ ፊደል የቆጠርነውም ከአንድ የኔታ ዘንድ፣ በአንድ ቁርበት ላይ ተቀምጠን ነው። አባቱን ለአርበኞች ስንቅ አቀብለሃል ብለው ገበያ መካከል ሰቀሉት። ሬሳውን አልሰጡም፤ ለቅሶውንም ከለከሉ። ልጁን ከዓይናቸው ማራቅ ስላልፈለጉ ነው መሰለኝ፣ በሳምንቱ ትምህርት ቤት ይምጣ አሉ። መጣ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወንዝ ዳር ሸሚዜን ሳሽ ከሌሎች ልጆች ጋር ደረሰብኝ። «እሽ፣ እሽ፤ አጥራው እንጂ፣ የባንዳ ልጅ!» አለኝ። ልጆቹ ሳቁ። እኔ አረፋው እጄ ላይ እስኪደርቅ ድረስ ቁጭ አልኩ።

በማግስቱ ሰልፍ ላይ ፊቱ ደረስኩ። የጠዋት ፀሐይ በጎን ትመታው ነበር። ከኮሌታው ሥር ጥፍር የምታህል ነጭ ነገር ታየችኝ። ማየቴን እሱም አየ። ዝም ብዬ ማለፍ እችል ነበር። አሁን በዚህ ዕድሜዬ እንኳ አንዳንዴ አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ በሐሳቤ አልፈዋለሁ። ያን ጠዋት ግን፣ «ማዬስትሮ፣ ይህ ልጅ ከሥር ሌላ ልብስ አለው» አልኩ።

ማዬስትሮው መጥቶ ሸሚዙን እንዲፈታ አዘዘው። ልጁ አልነቃነቅ አለ። አስተርጓሚው ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈታቸው። ከሥር ነጭ እጀ ጠባብ ነበር፤ የትልቅ ሰው ልብስ፣ ከወገቡ ተቆርጦ በወፍራም ክር የተሰፋ።

«የማን ነው?» አለው አስተርጓሚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የአባቴ።»

አስተርጓሚው ወደ ጣልያኑ ዞረ። ያችን ያህል ጣልያንኛ አውቅ ነበርና ያለውን ሰማሁ፤ «ልጁ በርዶት ነው» ነበር ያለው። ማዬስትሮው ግን አልራራም። በጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ። የረድፉ አለቃ ያውልቀው፤ ወስዶም እሳት ውስጥ ይጣለው አለ።

ልብሱን ወደ ላይ ሳብኩት። ጭስ፣ ላብና ጥጥ ይሸት ነበር። ልጁ እናቱ ልብሱን እንደምታወልቅለት ሕፃን ሁለት እጁን አነሣልኝ። ፊቱ ከፊቴ ስንዝር አይርቅም። ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ቀስ በል፤ እጀታው ሳስቷል፣ እንዳይቀደድ» አለኝ።

ከጓሮ ቆሻሻ የሚቃጠልበት ጉድጓድ ነበር። ጣልኩት። ስመለስ ልጁ የለም። ጥቁሩን ሸሚዝ መሬት ላይ ትቶ፣ ጀርባው ራቁቱን እንደሆነ በበሩ ወጥቷል። ዘበኛው ለምን እንዳላስቆመው እስከ ዛሬ አላውቅም። በሦስተኛው ቀን ዱር ገባ ተባለ።

እናቴ ነገሩን ስትሰማ ትገርፈኛለች ብዬ ነበር። አልገረፈችኝም። ገንቦ አምጥታ እግሬ ሥር አስቀመጠች። «ልጇን ያሳጣሃት አንተ ነህ። ከዛሬ ጀምሮ ውሃዋን አንተ ትቀዳለህ» አለችኝ።

የሸማኔው ሚስት በመጀመሪያው ቀን ውሃውን ከእጄ ተቀብለው ዓይኔ እያየ ደጃፋቸው ላይ ደፉት። በሁለተኛው ቀንም እንዲሁ። በሦስተኛው፣ «አንተ ከቀዳኸውስ ጥም ይሻለኛል» አሉኝ። እናቴ ግን ገንቦውን ታሸክመኛለች። አንድ ቀን፣ ስንተኛው እንደሆነ እንጃ፣ ሳይደፉት ወደ ውስጥ አስገቡት። እስከ ክረምት ድረስ ግን አንድ ቃል አልተነፈሱልኝም።

ክረምት ላይ ትኩሳት ጣላቸው። እናቴ ከራስጌያቸው አልተለየችም፤ እኔ እንጨትና ውሃ አመላልስ ነበር። አንድ ጠዋት እርጥብ እንጨት ተሸክሜ ስገባ ዓይናቸው ጣራው ላይ ነበር። ኮቴዬን ሰምተው፣ «መጣህ?» አሉ። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። እንጨቱን አስቀመጥኩና፣ «አዎ እማዬ፣ መጣሁ» አልኩ። እጄን በዳበሳ ፈልገው ያዙት። ቀትር ሳይደርስ ሞቱ።

ጣልያን በወጣበት ሰሞን አርበኞች ከተማ ገቡ። እልልታውና ተኩሱ ተደባልቆ ነበር። እኔ ሰው መሀል መግባት ፈርቼ አጥራችን ጥግ ቆሜያለሁ። የሸማኔው ልጅ እዚያው መጣብኝ። ቁመቱ ጨምሯል፤ ጎፈሬው ትከሻው ላይ ወድቋል፤ ጠመንጃ ይዟል። የሚተኩስብኝ መሰለኝ። እግሬ ግን ሽሽ አላለኝም።

«ቤቱ ተዘግቷል» አለኝ። «እናቴ የት ናት?»

በእጄ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አሳየሁትና ከፊት ከፊቱ ሄድኩ። ከጀርባዬ ኮቴውን እሰማለሁ። ወይራው ሥር፣ ድንጋይ የተከመረበት ቦታ ስደርስ ቆምኩ። ገባው። ጠመንጃውን ሣሩ ላይ አጋደመና ተቀመጠ።

ብዙ ቆይቶ፣ «ስትሞት ማን ነበር?» አለኝ።

«እናቴ። እኔም።»

«ምን አለች?»

ልዋሸው አሰብኩ፤ አልሆነልኝም። «አንተን መስዬአቸው ‹መጣህ?› አሉኝ። እኔም መጣሁ አልኳቸው። እጄንም ያዙኝ።»

ተነሣ። ሊመታኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«የትኛውን እጅህን?»

«ይህን» አልኩና ዘረጋሁለት።

በሁለት እጁ ያዘው። መዳፌን ጉንጩ ላይ አደረገና እንደዚያው ቆየ። ጉንጩ ሻካራና ትኩስ ነበር። ከዚያ ለቀቀኝ።

«አሁን ሂድ» አለኝ።

ሄድኩ። በማግስቱ ደብረ ወርቅ ወዳሉት ዘመዶቹ ተሻገረ አሉ። ዳግመኛ አልተያየንም።