ካባውን ያወለቀው ጠበቃ

የከተማው ሰው ጋሽ እርጋታ ይለው ነበር። ሚስቱ ይህን ስም በሰማች ቁጥር ትስቃለች፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ "መነጽሬን ማን ወሰደው?" እያለ ቤቱን ሲያተራምስ የምታየው እሷ ናታ። እርጋታው ለሰው ጠብ ብቻ ነበር።

ቢሮው በዳቦ ቤቱና በልብስ ሰፊው ሱቅ መካከል የተሸጎጠች አንዲት ክፍል ነበረች፤ በሯ ሲከፈት ከጠረጴዛው ጋር ይጋጫል። ሊካሰስ ለመጣ ሰው መጀመሪያ ወንበር ይስብለታል፣ ቀጥሎ ውሃ ይቀዳለታል። ሰውዬው ጉሮሮውን እስኪያርስ የንዴቱ ግማሽ ይበርድለታል። ለቀረው ግማሽ ደግሞ ባላጋራውን አስጠርቶ ያስታርቃቸዋል። ሚስቱ፣ ሁሉን እያስታረቅህ የምትሟገትበት ነገር ልታጣ ነው እያለች ትቀልድበት ነበር።

ከንቲባ ሁን ተብሎ ሲለመን ይሉኝታ ያዘውና እሺ አለ። መንገዱን አስጠረገ፣ የተሰበረውን የትምህርት ቤት ጣሪያ አስጠገነ፤ ሰው ወደደው። አንድ ቀን መሐንዲሱ፣ ዋናው መንገድ ዳር ያሉት አትክልት ሻጮች ከወንዙ ማዶ ወዳለው ሜዳ ይዛወሩ የሚል ትዕዛዝ አርቅቆ አመጣለት። ካርታው ላይ ሜዳው ሰፊ ነው፣ ያምራል። ፈረመ።

ብዙም ሳይቆይ ከሻጮቹ አንዲት ቲማቲም ሻጭ ቤቱ ድረስ መጣች። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ወንበር ቢስብላትም አልተቀመጠችም።

"ጋሼ፣ ሜዳውን አይተውታል?" አለችው።

እንዳላየው ነገራት።

"እንግዲያው ነገ አብረን እንሂድ።"

ሄደ። ሲመለስ ጭቃው እስከ ጉልበቱ ደርሶ ነበር። ሚስቱ ምሳ ብታቀርብለት አልነካውም። ሜዳው ዝናብ ሲጥል ረግረግ እንደሚሆን፣ ውሃም ጥላም እንደሌለው፣ ድልድዩም ሸክም ላዘለ ሰው እንደማያስተማምን ነገራት። ትዕዛዙን ለመሻር ምክር ቤቱን ሰበሰበ፤ አባላቱ ግን ቃላችንን ብናጥፍ ከእንግዲህ ማን ይሰማናል ብለው አሻፈረን አሉ። ሻጮቹም ለመክሰስ ቆረጡ። ችግሩ፣ በከተማው ያለው ጠበቃ አንድ ሲሆን እሱም ከንቲባው መሆኑ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሸሚዙን እየተኮሰችለት ሳለ ሹመቱን ሊተው መሆኑን ነገራት። ካውያውን አቆመች።

"ሰው ከወንበር የሚወርደው ተገፍቶ ነው። አንተ ምን አግኝቶህ ነው በገዛ እግርህ የምትወርደው?"

"ለከሳሾቹ ልቆም ነው።"

"ተከሳሹስ ማነው?"

"እኔ ነኛ።"

ተያዩና ሳቁ። ሳቋ ሲያልቅ ከፍቷት ነበር፤ የከንቲባ ሚስት መባሉ ጥሟት እንደነበር ያወቀችው ያኔ ነው። ቢሆንም ኮሌታውን ደግማ ተኮሰችና ሸሚዙን ሰጠችው።

የችሎቱ ዕለት እሷም ከኋላ ተቀመጠች። ባሏ ጥቁር ካባውን ለብሶ ገና ከመነሣቱ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ከሌላ ከተማ ያስመጣው ጠበቃ፣ ትዕዛዙን የፈረሙት እኮ ራሳቸው ናቸው ሲል ተቃወመ። ዳኛው ሳቃቸውን በሳል አስመስለው ዋጡት። ከዚያም የፈረመ ሰው በዚያው ጉዳይ ጠበቃ ሊሆን እንደማይችል፣ ምስክር መሆን ግን እንደሚችል ነገሩት።

ካባውን አወለቀ። በጥንቃቄ አጥፎ እሷ ወደተቀመጠችበት ሄደና ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። ተመልሶም ከምስክር ቦታ ቆመ።

"ፊርማው የእኔ ነው" አለ። "የፈረምኩት ካርታ አይቼ ነው፤ መሬቱን ያየሁት ከፈረምኩ በኋላ ነው። ቀድሜ አይቼው ቢሆን እጄ እሺ አይለኝም ነበር።"

ይኸው ነው። ሚስቱ ካባውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። በትዳር ዘመኗ ብዙ ሲያወራ ሰምታዋለች፤ እንዲህ ባጭሩ ሲናገር ግን ሰምታው አታውቅም።

ዳኛው፣ ሜዳው ተደልድሎ ጣሪያና ውሃ እስኪገባለት፣ ድልድዩም እስኪጠገን ሻጮቹ ከቦታቸው እንዳይነኩ ወሰኑ። ሥራው ዓመታት ፈጀ፤ ሲያልቅ ሻጮቹ ያለማንም ግፊት ዕቃቸውን ይዘው ተሻገሩ። እሱን ለሹመት ዳግም የጠየቀው አልነበረም። ወደ ጠባቧ ቢሮው ተመለሰና በሩን ከጠረጴዛው ጋር ማጋጨቱን ቀጠለ።

ሲያረጅ ጆሮው ከዳው፤ ባለጉዳይ ግን አልቀረበትም። በረንዳው ላይ ተቀምጠው አፍ ላፍ ሲናገሩ፣ እሱ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ እየዞረ ራሱን ይነቀንቃል። አንድ ቀን ለረጅም ጊዜ የተኳረፉ ወንድማማቾች ተቃቅፈው ሲወጡ ያየች ሚስቱ፣ ጆሮው ሥር ጎንበስ ብላ በምን ነበር የተጣሉት ብላ ጠየቀችው።

"አልሰማሁም" አላት። "ብቻ ሁለቱም ለመታረቅ ሰበብ አጥተው ነበር።"

ያረፈው ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ ከምሳ በኋላ ሸለብ እንዳደረገው ነው። ሚስቱ ዛሬም ስለ እሱ ስታወራ "ነበር" የሚለው ቃል አይመጣላትም፤ "ይላል"፣ "ያደርጋል" ነው የምትለው። ልጆቿም አያርሟትም።