ልብስ ሰፊው ረግቶ የተቀመጠ ዕለት

ልብስ ሰፊው ረግቶ ሲቀመጥ ያየ የለም። የስፌት መኪናውን ረገጥ ረገጥ ያደርግና ብድግ ይላል፤ በር ላይ ወጥቶ አላፊ አግዳሚውን ሳይለክፍ አይመለስም፤ ሲመለስ ደግሞ ሚስቱ የተኮሰችውን ሱሪ እንደገና ካልተኮስኩ ይላል። ሰፈሩ «ቁንጥንጥ» ያለው ያለ ነገር አይደለም። ሚስቱ በዚያች ጠባብ ሱቅ ቁልፍ ስትተክል ሃያ ዓመት አብራው ስትኖር፣ «ሰውዬ፣ እባክህ አንዴ አረፍ በል!» ሳትል የዋለችበት ቀን የለም።

ማክሰኞ ጠዋት እምብርቱ ዙሪያ ቆረጠው። «የትናንቱ እራት ነው» አለ። ረፋድ ላይ ሕመሙ ወደ ታች ወርዶ ቀኝ ጎኑ ላይ ተተከለ፤ መኪናውን በረገጠ ቁጥር ፊቱ ይጨማደዳል። አስመለሰውም። ሐኪም ቤት እንሂድ ስትለው ቱግ አለ።

«የልጄን የሰርግ ቀሚስ በጅምር ትቼ? ቅዳሜ ምን ልትለብስ ነው፣ መጋረጃ?»

እሱን መምከር ድንጋይ ላይ ውኃ ማፍሰስ ነው። ስለዚህ እሱንም እሷንም ወገባቸውን ሲያማቸው የሚያደርጉትን አደረገች፤ ካውያውን ሞቅ አድርጋ፣ በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልላ ሆዱ ላይ ያዘችለት። «እሰይ!» አለ።

ከሰዓት በኋላ ሕመሙ ድንገት ለቀቀው። «አላልኩሽም? አንቺ ድሮም ነገር ታካብጃለሽ» አላት። ተመስገን ብላ ወደ ቁልፏ ተመለሰች። ልቧ ግን አላረፈም፤ ሱቁ አለመጠን ጸጥ ብሎባታል። ቀና ስትል ባሏ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሏል። አይነሳም፣ አይለክፍም። የሚያውቀው ደንበኛ በበሩ ሲያልፍ እንኳ አንገቱን አላዞረም። ግንባሩን ብትነካው እሳት ነው።

«ምን ሆነሃል?»

«ምንም። ካልተንቀሳቀስኩ ደህና ነኝ።»

ሱቁን ሳትቆልፍ ታክሲ አስቆመች። ጉድጓድ በተገኘ ቁጥር እሱ ሲያቃስት፣ እሷ አንዴ ሾፌሩን አንዴ ባሏን ስትቆጣ ሐኪም ቤት ደረሱ። ሐኪሟ ሆዱን ጫን አድርጋ ለቀቅ ስታደርገው ጮኸ።

«ትርፍ አንጀቱ ፈንድቷል» አለች። «የቀለለው ስለዳነ አይደለም።»

ወዲያው ለቀዶ ሕክምና አስገቡት። ሚስት ኮሪደሩ ውስጥ ላይ ታች ስትል ያ ካውያ ከዓይኗ አልጠፋ አለ። በገዛ እጄ ገደልኩት ብላ ፈራች።

በማግስቱ ነቃ። ልጅቱ የሰርጉን ቀን አራዝማዋለች። ሐኪሟ አልጋው አጠገብ መጥታ ቆመች።

«ትናንት ሆድህ ቀልቶ ነበር። ትኩስ ነገር አድርጋችሁበታል? እንዲህ ላለ ሕመም አይደረግም እኮ፤ ትርፍ አንጀቱን ሊያፈነዳው ይችላል! ማነው ያደረገው?»

ሚስት አፏን ልትከፍት ስትል ባሏ ቀደማት።

«እኔ ነኝ» አለ ባልጠራ ድምፅ። «እሷማ ሐኪም ቤት እንሂድ ስትል ነው የዋለችው።»

ሐኪሟ ገሥጻው ወጣች። ሚስት የአልጋውን ጠርዝ ይዛ አቀረቀረች፤ ሃያ ዓመት ስትቆጣው የኖረችውን ሰው ቀና ብላ ማየት አቃታት።