ጠዋት የሚያጥር ገመድ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አርፍጄ ደረስኩ። ከጅጋ የተሳፈርኩበት አይሱዙ ማንኩሳ ላይ ጎማው ፈነዳና ቡሬ ስገባ የልኬት ቡድኑ ሊወጣ ተሰናድቶ ቆሟል። የቡድኑ ኃላፊ አቶ ወርቁ ሰዓታቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ "ይቺ ልጅ እስክትመጣ መሬቱ በእግሩ ሄዶ ያልቃል" አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

እኔ ቂመኛ ነኝ። በዚያው ቀን በመስክ መዝገቤ ዳር በእርሳስ መስመር አሰመርኩና "ሰዓት" የሚል ዓምድ ጨመርኩ። እያንዳንዱን ማሳ ስንት ሰዓት ላይ እንደለካሁ ልጽፍበት ነው። ማንም አላዘዘኝም። ሁለተኛ "አረፈድሽ" ቢሉኝ መዝገቡን አፍንጫቸው ሥር ልዘረጋላቸው ብዬ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ጊዜው ለገበሬው የመሬት ይዞታ ደብተር መሰጠት የጀመረበት ነበር። ማሳው ይለካል፣ አዋሳኞቹ በአራቱም አቅጣጫ ይጻፋሉ፣ የባልና የሚስት ፎቶ ይለጠፋል። እኔ የኮንትራት ለኪ ነበርኩ። መሣሪያዬ ሃምሳ ሜትር የቃጫ ገመድ፣ አራት ችካል፣ መዝገብና እርሳስ ነው። የብረት ሜትርም ነበረን፤ ቶሎ ስለሚሰበር ግን የሚወጣው ገመዱን ለማስተያየት ብቻ ነው። አቶ ወርቁ መጀመሪያ ያስተማሩኝ ይህንኑ ነበር።

"ጠዋት አንዴ፣ ከምሳ በኋላ አንዴ፣ ገመድሽን ከብረቱ ጋር አስተያዪ። የገመድ ዐመል አይታወቅም" አሉኝ።

ገበሬዎቹ "ባለገመዷ" የሚል ስም አወጡልኝ። ሴት መሬት ስትለካ አይተው ስለማያውቁ አንዳንዶቹ ከኋላዬ በእርምጃ እየቆጠሩ ይከተሉኛል። ልጅ የበዛበት፣ "እታለም፣ ገመዱን ላላ አርጊው እንጂ" ይላል፤ ማሳው በወረቀት እንዲሰፋለት። ግብር የሚፈራው ደግሞ "ወጥሪው! ወጥሪው!" እያለ ይጮኻል። ለሁለቱም መልሴ አንድ ነበር፤ ዝም ብዬ መለካት።

በኅዳር ከቡሬ በእግር ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ ቀበሌ ተመደብኩ። ፍጠኑ የሚል ትእዛዝ ከላይ መጥቶ ነበር። አንድ ጠዋት አያ ጫኔ ከሚባሉ ብርቱ ገበሬ ማሳ ደርሼ ገመዱን ጤዛ በጠገበው ሣር ላይ ስዘረጋ የብረት ሜትሩን እንደረሳሁት ትዝ አለኝ። ከዳገቱ ላይ፣ ካደርኩበት ከቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ሰብሳቢ ቤት ቀርቷል። ደርሶ መልስ ግማሽ ሰዓት ነው።

"አያ ጫኔ፣ ብረቱን ላምጣና እንጀምር?" አልኳቸው።

"ኧረ እታለም፣ ደቦ ጠርቼ ሰዉ አውድማ ላይ ቆሟል! ይኸው ገመድሽ፣ ይኸው መሬቴ፤ ሌላ ምን ቀረሽ?"

ትናንት አስተያይቼዋለሁ፤ በአንድ ቀን ምን ይሆናል ብዬ ጀመርኩ። ገመዱ እጄ ላይ ውሃ እየጨመቀ ነበር። ለክቼ ስጨርስ ዓምዱ ላይ "1 ሰዓት ከሩብ" ብዬ ጻፍኩ።

ከሰዓት በኋላ የአያ ጫኔ አዋሳኝ ወደሆኑት ወደ ወይዘሮ ትሁን ማሳ ተሻገርኩ። ወይዘሮ ትሁን ባላቸው የሞተባቸው፣ ሦስት ልጆች የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። ገመዱ በፀሐይ ደርቋል። ሁለት የኮሚቴ አባላት በጉልበት እየሳቡ ያዙልኝ። ብረቱን አሁንም አላስመጣሁትም፤ ጠዋት ያልፈለግሁትን ከሰዓት ምን ያደርግልኛል አልኩ። "8 ሰዓት" ብዬ ጻፍኩ።

ደብተሩ የታደለ ዕለት ወይዘሮ ትሁን የተለጠፈውን ፎቷቸውን ደጋግመው አዩት፤ ከዚያ በላስቲክ ጠቅልለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። "እንግዲህ ማንም አይነካኝም" አሉኝ። እኔም ደስ አለኝ። የሠራሁት ሥራ ሰው ሲያስደስት ያየሁበት የመጀመሪያ ቀን ነበር።

በሁለተኛው ዓመት አያ ጫኔ ልጃቸውን ሊድሩ ተነሡ። ለሙሽራው መሬት ሲቆርሱለት በብረት ሜትር አስለኩ። መሬቱ ደብተሩ ላይ ከተጻፈው ጎደለ። ቀጥለው የወይዘሮ ትሁንን አስለኩ፤ የእሳቸው ደብተሩ ላይ ካለው ተረፈ። ከዚህ ወዲያ ማን ምን ይላል? የአንዱ ጎድሎ የጎረቤቱ ከተረፈ ድንበር ተገፍቷል ማለት ነው። ድንበሩ አምስት እርምጃ ወደ ወይዘሮ ትሁን እንዲገባ ኮሚቴው ወሰነ። በዚያች አምስት እርምጃ ላይ የተተከለው በርበሬያቸው ነው፤ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩት እሱን ቡሬ ገበያ አውጥተው ነበር።

ወይዘሮ ትሁን አልቀበልም አሉ። ሽማግሌዎችም የለካችው ባለሙያ መጥታ ትመስክር አሉ።

አቶ ወርቁ ጠሩኝ። "ደብተሩ ትክክል ነው ብለሽ ፈርመሽ ነይ። ለቋሚነት የተላለፈው ስምሽ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ አሁን ነገር አታንሺ" አሉኝ።

ከመምጣቴ በፊት የድሮውን መዝገብ ገልጬ አይቼዋለሁ። አንድ ሰዓት ከሩብ። ስምንት ሰዓት። ጤዛው፣ ፀሐዩ፣ ያልሄድኩባት ዳገት፣ ሁሉም ከፊቴ ቆመው ነበር።

"ያን ቀን ገመዱን አላስተያየሁም፣ ጋሼ።"

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ማን ያውቃል?"

"መዝገቡ ያውቃል" ብዬ ዘረጋሁላቸው።

ዓምዱን በጣታቸው ተከትለው ወረዱ። "ሰዓት ጻፊ ያለሽ ማነው?"

"እርስዎ ነዎታ። መሬቱ በእግሩ ሄዶ ያልቃል ያሉኝ ቀን ነው የጀመርኩት።"

ሊስቁ ብለው ተዉት። "እንደ ፍጥርጥርሽ" አሉኝና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

ያንኑ የቃጫ ገመድ ከመጋዘን አውጥቼ ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ድንበሩ ላይ ተቀምጠዋል። ንግግር አላበዛሁም። ገመዱን ወንዝ ውስጥ ነክሬ አወጣሁና ከብረቱ ጎን ዘረጋሁት። አንዱን ጫፍ አያ ጫኔ ራሳቸው እንዲይዙ ለመንኳቸው። ገመዱ ሦስት ክንድ አነሰ። "ይህ የጠዋቱ ነው" አልኩ። ባጠረ ገመድ ሲለካ ቁጥሩ ይበዛል፤ መሬቱ በወረቀት ላይ ብቻ ይሰፋል። ገመዱን ፀሐይ ላይ ወጥሬ አሰጣሁትና እስኪደርቅ ጠበቅን፤ ከሸንጎው አንድም ሰው ወደ ቤቱ አልሄደም። ስምንት ሰዓት ላይ ያኔ የሳቡት ሁለት ሰዎች እንደገና ሳቡት። አሁን ከብረቱ አንድ ክንድ አለፈ። "ይህ ደግሞ የከሰዓቱ" አልኩና መዝገቡን ለሽማግሌዎቹ ሰጠሁ።

አያ ጫኔ ገመዱን አዩት። "ታዲያ የኔ መሬት የት ሄደ?"

"የትም አልሄደም፣ አያ ጫኔ። መጀመሪያም አልነበረም። የሌለውን በወረቀት የሰጠሁዎት እኔ ነኝ።"

በርስት ቀልድ የለም። ዱላቸውን ጨብጠው ሲነሡ ካለሁበት አልተነቃነቅሁም። ድንበሩ ድረስ ሄዱና ድንጋዩን በዱላቸው መታ መታ አደረጉት።

"ልጄን በሌለ መሬት ልድረው ነበር" አሉ። "ድንበሩ ካለበት ይቁም። ወንድሞቼ፣ በወይዘሮ ትሁን ፊት አሳፈራችሁኝ አልልም፤ ያሳፈረን ገመድ ነው።"

ወይዘሮ ትሁን ያመሰግኑኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አጠገቤ መጡና፣ "አንቺ ልጅ፣ ብረቱ የት ነበር ያን ቀን?" ብለው ጠየቁኝ። ወደ ዳገቱ አሳየኋቸው። ቤቱን አዩት፤ ቅርብ ነው።

"ለዚች ነው ክረምቱን ሙሉ ሳለቅስ የከረምኩት?" አሉኝ።

ገመዱን መጠቅለል ጀመርኩ።

ስሜ ከቋሚዎቹ ዝርዝር ወጣ። በዚያ ኅዳር የለካሁትን ሁሉ እንደገና እንድለካ ታዘዝኩ። ማባረር ይችሉ ነበር፤ ያዳነኝ ያው ዓምድ ነው፤ ከጤዛ ጋር የተለካው የትኛው እንደሆነ ከመዝገቤ በቀር የሚያውቅ አልነበረምና። ከቤት ቤት እየሄድኩ፣ "ተሳስቼ ነበር፣ እንደገና ልለካ መጣሁ" አልኩ። አንዳንዱ ውሻ ለቀቀብኝ፣ አንዳንዱ ጠላ ቀዳልኝ። ክረምት ሳይገባ ጨረስኩ። የአያ ጫኔንም ልጅ ድርሻ፣ ባለችው መሬት ላይ፣ የቆረስኩት እኔ ነኝ፤ ራሳቸው ልከው አስጠሩኝ።

ከዚያ በኋላ የድንበር ጠብ ሲነሣ፣ ከሌላ ወረዳ ከሽንዲ ሳይቀር፣ "ሰዓት የምትጽፈዋን ላኩልን" ይሉ ጀመር። ቋሚ የሆንኩት ባልደረቦቼ ከሆኑ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። እስከ ዛሬ የሠራሁት ሥራ ይኸው ነው፤ ሰው የተጣላበትን መሬት መለካት። ይህን ሥራ እኔ አልመረጥኩትም። በአንዲት ቂምና በአንዲት ስንፍና መካከል ሆኜ አገኘሁት።

አሁን ልኬቱ በሌላ መሣሪያ ነው፤ ገመድ የሚይዝ የለም። አዲስ ባለሙያ ምክር ሲጠይቀኝ የምለው አልተለወጠም። ከመሬቱ በፊት መሣሪያህን ለካ። የለካህበትን ሰዓት ጻፍ። ብረቱ ዳገት ላይ ከቀረ ሂድና አምጣው።