ዋስትናው ሳያልፍ፤ በታመመ መኪና ከዳምቦያ እስከ ሞርሲቶ

ዳምቦያ፣ ማለዳ

ከዳምቦያ የተነሣነው ለአንድ ጉዳይ ነው። የገበሬዎች አገልግሎት ማኅበራችን የገዛው የጭነት መኪና ዓመት እንኳ ሳይሞላው ሞተሩ ታሟል። የሻጩ ድርጅት ዋስትና ደግሞ በዚያው ሳምንት መጨረሻ ያበቃል። ድርጅቱ በየአውራጃው የሚያዞረው ቴክኒሻን ሆሳዕና መግባቱን በስልክ ሰምተናልና፣ እሱም ሳይሄድብን ቀኑም ሳያልፍብን መድረስ ነበረብን።

ዋስትናው ካለፈ ምን እንደሚከተል ሁላችንም እናውቃለን። በዚያ ጊዜ መለዋወጫ የውጭ ምንዛሪ የሚጠብቅ ነገር ነው፤ ወረፋው ያስረጃል። የጎረቤት ማኅበር መኪና ድንጋይ ላይ ቆሞ ዶሮ ያድርበታል። የእኛ ገበሬ ቡናውንና ዝንጅብሉን ሽጦ ያዋጣው ደግሞ መጀመሪያ ለወፍጮ ነበር። በስብሰባ ላይ ተነሥቼ «ወፍጮው ይቆይ፣ መኪና ይቅደም» ብዬ የተከራከርኩት እኔ ሾፌሩ ነኝ። መኪናው ድንጋይ ላይ ከቆመ ዳምቦያ ገበያ ላይ በየትኛው ፊቴ እሄዳለሁ? ቢሆንም አልፈራሁም። ሞተሩ መታመሙን እኔ አውቃለሁ፣ የታመመ ነገር ደግሞ ባለሙያ ፊት ከቀረበ ይታያል ብዬ ነበር።

ሕመሙ እንዲህ ነው። ባዶውን ሲሄድ ጤነኛ ነው። ሲጫን ግን አቀበት ላይ ነጭ ጭስ ይተፋል፣ ውሃው ይፈላል፣ ጉልበት ያጣል። ቴስታታ ከምንለው ከሞተሩ ራስ ሥር ዝገት የቀላቀለ ውሃ እየወረደ ብረቱ ላይ መስመር ሠርቶ ይደርቃል። ማንም መካኒክ ያንን መስመር ሲያይ ነገሩ ይገባዋል።

ጠዋት ማኅበሩ ግቢ ስደርስ መስመሩ የለም። አባላቱ ከማታ ጀምረው መኪናውን በሳሙና፣ ሞተሩን በናፍታ ሲፈትጉ አድረዋል ብል አላጋነንኩም። ጋቢናው ያበራል። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋሼ አኑሎ ከእኔ ጋር ለመሄድ አዲሱን ካፖርታቸውን ለብሰው ቆመዋል።

«እንዴት ነው፣ አማረበት?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ምን አደረጋችሁ! ማስረጃችንን እኮ አጠባችሁት!»

«ታማሚ ሳይታጠብ ነው እንዴ ሐኪም ፊት የሚቀርበው? ዳምቦያዎች ቆሻሾች ናቸው ይበሉን?»

የእኛ አገር ሰው እየሞተም ቢሆን «ደህና ነኝ» ሳይል አይሞትም። ሞተሩን አስነሣሁና ወጣን።

አንጋጫ

እስከ አንጋጫ ያለው መንገድ ጠጠርና አቧራ ነው፤ ግራና ቀኙ እንሰት፣ ከእንሰቱ ኋላ ባሕር ዛፍ። አቀበቱን ባዶ መኪናችን እየዘፈነ ወጣው። ሌላ ጊዜ ሁለት ጀሪካን ውሃ የሚጠጣው ሞተር ዛሬ ጠብታ አልጠየቀም። ጋሼ አኑሎ በየኩርባው «አየህ፣ መታጠቡ በጀው» ይሉኛል፤ እኔ ጥርሴን እነክሳለሁ።

አንጋጫ ሻይ በዳቦ በሠላሳ አምስት ሳንቲም ቀመስን። ኬላው ላይ ጠባቂው መኪናውን ዞሮ ዞሮ አየና «ጓድ፣ ሙሽራ ልታመጣ ነው?» አለኝ።

«አይ ጓድ፣ ታማሚ ነው።»

«ታማሚው የታለ?»

«እየነዳሁት ነው» ስለው ሳቀና ገመዱን አወረደልን። ከዚያ እስከ ሆሳዕና የሚያስቆመን አልነበረም።

ሆሳዕና

ቴክኒሻኑ አቶ ታደለ ይባላል። መናኸሪያው አጠገብ አንድ ግቢ ተከራይቶ፣ ዕቃ የተሞላች ፒካፑን አቁሞ ይሠራል። ቱታ የለበሰ ቀጭን ሰው ነው፤ ቁጥብ ነው፣ ግን ክፋት የለበትም። ኮፈኑን ከፍቶ በእጅ ባትሪ መረመረ፣ ጣቱን በብረቱ ላይ አሳለፈ፤ ጣቱ ንጹሕ ነው። ከተማውን አንድ ጊዜ ነድቶት ተመለሰ።

«ይሄ ሞተር ከእኔ ፒካፕ ይሻላል» አለ።

የሆነውን ሁሉ አስረዳሁት። ስለ ሳሙናው ስነግረው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማችሁም? እኔ ያላየሁትን አልፈርምም። ጭናችሁ አሳዩኝ። ከነገ ወዲያ ጠዋት ወደ ሶዶ እሄዳለሁ።»

ልክ ነው፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አልፈርምም። ግን ምን ልጫን? እህል ያለ ፈቃድ አይንቀሳቀስም፤ ፈቃዱ ሲመጣ ዋስትናው ያልፋል። ማታ ቆጮ በጎመን እየበላን ሳስብ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። ነገ ገበያ ነው። ከሰዓት በኋላ የሞርሲቶ ሰው ሁሉ ሸክሙን ይዞ መኪና ይፈልጋል፤ የሞርሲቶ መንገድ ደግሞ አቀበት አለው። «ጭነታችን በእግሩ ይመጣል» አልኳቸው ጋሼ አኑሎን።

የሞርሲቶ መንገድ

በማግስቱ ገበያው ሲበተን መኪናዬን አቁሜ «ሞርሲቶ! ሞርሲቶ በነፃ!» ብዬ ጮህኩ። እንደ ጎርፍ ይመጣሉ ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ቦታው በአንድ ጊዜ ጭር አለ። ጎረምሶቹ በእንሰት ተክሉ ውስጥ ተሰወሩ፣ ሴቶቹ ዘንቢላቸውን እያነሡ ወደ ኋላ አሉ። መጀመሪያ ግራ ገባኝ።

ድንች የምትነግድ ዘይነባ የምትባል የሞርሲቶ ሴት ብቻ ከጆንያዎቿ ጋር ቆማ ቀረች። ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ወንድሜ፣ ሰው በነፃ የሚጭን መኪና ወዴት እንደሚወስድ አጥተነው ነው?» አለችኝ። «ወይ ሰፈራ ነው፣ ወይ ውትድርና። የተጫነ ተመልሶ አላየንም።»

«እትዬ፣ እኔ የዳምቦያ ሾፌር ነኝ። እውነቴን ነው፣ ሞርሲቶ ነው የምሄደው።»

«እውነትህን ከሆነ ሒሳብ ጥራ።»

ለካ እንዲህ ነው! «በሰው ሃምሳ ሳንቲም፣ በጆንያ ሃያ አምስት!» ብዬ ስጮህ ገበያው ተገለበጠ። ጎረምሶቹ ከእንሰቱ ወጡ፣ ሽማግሌዎች በትከሻ ተደግፈው ወጡ፤ ድንች፣ ጎመን፣ ሸክላ ድስት፣ ሁለት በግ ተጫነ። ዋጋውን ቀንስልኝ ብሎ የተከራከረኝም አልጠፋም። ሃያ አምስቱንም ሃምሳውንም የሰበሰቡት ጋሼ አኑሎ ናቸው። አቶ ታደለ ጋቢና ገብቶ በመሃላችን ተቀመጠ፤ ዓይኑ የሙቀት መለኪያው ላይ ነው።

ቁልቁለቱን ወርደን ወንዙን ተሻገርንና አቀበቱን ያዝን። መኪናው ወጣ። ማርሽ ቀነስኩ፤ አሁንም ወጣ። የመለኪያው ጠቋሚ ንቅንቅ አይልም። እድሜዬን ሙሉ መኪና አቀበት እንዲወጣ ስለምን የኖርኩ ሰው፣ ያን ቀን «እባክህ ቁም» እያልኩ መሪ ጨበጥኩ። ጋሼ አኑሎ የጸሎት ሰው ናቸው፤ ጎንበስ ብለው ሲያጉተመትሙ «ጋሼ፣ እንዲበላሽ ጸልዩልን» አልኳቸው።

«መኪና ይበላሽ ብዬ አልጸልይም። እውነቱን አውጣው እያልኩት ነው።»

ወዲያው ጠቋሚው ተነሣ። ከኋላ ነጭ ጭስ መንገዱን ሸፈነው፣ ሞተሩ አቃሰተ፣ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ወጣ። መኪናው ከአቀበቱ ወገብ ላይ ቀጥ አለ። እኔ ዘልዬ ወርጄ እጄን አጨበጨብኩ! ጋሼ አኑሎ «ተመስገን!» ብለው ካፖርታቸውን አወለቁ። ተሳፋሪው ሁሉ ከላይ ሆኖ አፉን ከፍቶ ያየናል።

«መኪናው ተበላሽቶ እልል የሚል ሾፌር ዛሬ አየሁ» አለች ዘይነባ። «ሒሳቤን!»

አቶ ታደለ ኮፈኑን ከፍቶ ባትሪውን አበራ። ከቴስታታው ሥር ዝገታሙ ውሃ እየወረደ ነበር። «ተሰንጥቋል» አለ፤ «አሁን እፈርማለሁ።» እዚያው መከላከያው ላይ ወረቀቱን አስደግፎ ፈረመ።

የሰበሰብነውን ሁሉ እየዞርን መለስን፣ ለምን እንደጫንናቸውም ነገርናቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ዘይነባ ለሌሎቹ በሀዲይኛ ስታስረዳ ሳቁ ከጫፍ ጫፍ ተያያዘ። ጎረምሶቹ ከወንዙ ውሃ ቀዱልን፣ ከመንገዱ ዳር ካለው ቤት ቆጮና አይብ መጣልን። ዘይነባ ጆንያዎቿን በአህያ አስጭና ስትሄድ ዞር ብላ «ሲድን ና፤ ያኔ ከፍለን እንሳፈራለን» አለችኝ።

ሞተሩ ሲበርድ በባዶው ቀስ እያልን ሆሳዕና ገባን። በዋስትናው የታዘዘው አዲሱ ቴስታታ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ፣ በጆንያ ተጠቅልሎ መጣ። መናኸሪያው ውስጥ ተሸካሚዎቹ እኔ ላንሣ እኔ ላንሣ ብለው ሲጣሉ ጋሼ አኑሎ ከማንም በፊት አቅፈው ይዘውት ነበር። አቶ ታደለ የሶዶውን ጉዞ አቆይቶ ገጠመልን። ዋስትናው የሚያልፍበት ቀን ሳይደርስ ሞተሩ ተነሣ።

ወደ ቤት

ስንመለስ ለማኅበሩ ሱቅ ጨውና ሳሙና ጫንን፤ በሙሉ ጭነት። ሞተሩ አቀበቱን ሁሉ ያለ አንዲት ክር ጭስ ወጣው። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ቀላል ነው፤ የሚያምህን ነገር ካስፈለገ አደባባይ ላይ ወድቀህም ቢሆን አሳይ እንጂ ታጥበህ አትቅረብ። ደግሞም የፈራ ሰው በነፃ አይሳፈርም፤ ዋጋውን ስትነግረው ያምንሃል።

ዳምቦያ ስንገባ ወደ ማታ ነበር። በፊት መኪናችን ገና ከሩቅ ሲያቃስት ሰው ይሰማው ነበርና፣ ሴቱም ወንዱም ውሃ ይዞ መንገድ ላይ ይጠብቀን ነበር። ያን ቀን ማንም አልወጣም። ጋሼ አኑሎ ካፖርታቸውን አስተካክለው ግራ ቀኝ ቢያዩ መንገዱ ባዶ ነው። ማኅበሩ በር ላይ ጡሩምባ ብነፋ ዘበኛው ብቻ ብቅ አለ፣ መብራቱ ዓይኑን እያጭበረበረው።

«የማን መኪና ነው?» አለ።

ጋሼ አኑሎ ወደ እኔ ዞሩ። እንባቸው መጣ፤ የእኔም መጣ።

«የእኛ ነው» አልኩት።

ዘበኛው ጆሮውን ወደ ሞተሩ አቀና፣ ቆየ፣ ከዚያ በሩን ትቶ ሰው ለመጥራት ሮጠ። እኔም ሁሉም መጥተው እስኪሰሙት ድረስ ሞተሩን አላጠፋሁትም።