ዘውዱ ሳይለንሰሩን የፈታ ጊዜ

«የሳይለንሰሩን መለዋወጫ ኦንላይን ኦርደር አደርገዋለሁ» ያልከው አንተ ነህ አይደል? በል ስልክህን አስቀምጥና ስማኝ። ሌሎቻችሁም ስሙ። ነገ አሳማ አደን ልትወጡ ነው፤ ይሄን ሳልነግራችሁ ከዚህ ቤት አትወጡም።

ጊዜው ሚያዝያ ነበር። ያ የጥድ ብናኝ አትላንታን ቢጫ የሚያለብስበት፣ ማታ ያጠባችሁትን መኪና ጠዋት የማታውቁበት ሰሞን። ከከተማ ወደ ደቡብ ሁለት ሰዓት ተኩል ስትነዱ ገበሬው ኦቾሎኒ የሚዘራበት ጊዜ ነው፤ የዱር አሳማ ደግሞ መስመር መስመሩን ይዞ የተዘራውን እየቆፈረ ይለቅመዋል። እኔ የማድንበት እርሻ የአንድ ሽማግሌ ነው፣ ካርል ይባላል። መሬቱ ላይ እንድናድን ፈቅዶልናል፣ በሳይለንሰርም፣ በጠመንጃው የድምፅ ማፈኛ ጭምር። አሳማውን እንደማንበላ ያወቀ ቀን «ታዲያ ምን ልትሠሩ ነው የምትመጡት?» ብሎ በሳቅ ሊሞት ነበር።

አብሮኝ የነበረው ዘውዱ ነው። አታውቁትም፣ ስማይርና ነው የሚኖረው። አዲስ አበባ ጋራዥ ነበረው፤ እዚህም ያው መካኒክ ነው። እሱ ጴንጤ፣ እኔ ኦርቶዶክስ፤ መንገዱን ሙሉ ስንነታረክ ነው የምንሄደው፤ ግን ከወንድሜ አላሳንሰውም። በዲቪ መጥቶ፣ በግሪን ካርድ ኖሮ፣ ያን ሰሞን የዜግነት ኢንተርቪውን አልፎ ለመሐላው ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። መሐላውን እንዲህ የሚያስናፍቁት እናቱ ናቸው። ወላጁን ማምጣት የሚችለው ዜጋ ብቻ ነው፤ እትዬ በላይነሽ ደግሞ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፣ ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም።

ሳይለንሰሩ ሕጋዊ ነው። አሻራ ሰጥቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ወራት ጠብቆ፣ ቁጥሩን በስሙ አስመዝግቦ ያገኘው ነው። ታዲያ ከኢንተርቪው በኋላ አንድ ቅዳሜ መለማመጃው ሬንጅ ላይ ሲተኩስ፣ ውስጡ ድምፁን ለማፈን ከተደረደሩት የብረት ስኒዎች አንዷ በጥይት ተመትታ ተጣመመች። የሠራው ኩባንያ ጋ ሲደውል «ላክልን፤ መጠገን የምንችለው እኛ ብቻ ነን፤ ሦስት አራት ወር ይፈጃል» አሉት። ያ ሰው እንዴት ተናደደ መሰላችሁ! እኔስ ምን አልኩት? «አንተ እኮ መካኒክ ነህ! ለአንዲት ስኒ ብለህ ነው ሰው የምትለማመጠው?» ስቄ ነው ያልኩት። እሱ ግን አልሳቀም።

ከዚያ በኋላ ሥራ ያዘንና ሳንገናኝ ቆየን። የአደኑ ቀን መኪናውን ካርል ግቢ ፓርክ አድርጎ ጠመንጃውን ሲያወጣ፣ ሳይለንሰሩ ጫፉ ላይ አለ። «ተሠራልህ እንዴ?» አልኩት። «ተሠራ» አለኝ። ማን ሠራው ብዬ አልጠየቅኩም። የኔ ሞኝነት!

ጎህ ሲቀድ ገባን። ሌሊቱን ካፊያ ጥሎ ስለነበር ቀዩ ጭቃ ለስልሷል፣ ዱካው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ኮቴው መዳፌን ሊያክል ምንም አልቀረው፤ ከኋላው ሁለቱ ትንንሽ ጥፍሮች ጠልቀው ወጥተዋል፤ እሱ የከባድ አሳማ ምልክት ነው። ውሃ እንኳን ገና አልቋጠረበትም። አሁን፣ ቅርብ ነው ማለት ነው። ነፋሱ ከፊታችን ይመጣል። በእርሻው ዳር ዳር፣ በጉሙ ውስጥ፣ ቀስ እያልን ሄድን።

ስልሳ እርምጃ ያህል ሲቀረን አየነው። ጥቁር፣ የጀርባው ጠጉር የቆመ ወንድ፤ ክራንቻው ከሩቅ ይታያል። አፈሩን እየገለበጠ ነው። ዘውዱ ተንበረከከ። ራሴን ነቀነቅኩለት፣ ተኮሰ።

ሳይለንሰር ያለው ጠመንጃ ድምፁ እፍን ያለ ነው። ያን ቀን ግን ብረት ሲቀደድ ሰማሁ። ዞር ስል የሳይለንሰሩ ጫፍ ተበርግዷል፣ የዘውዱ ግራ ክንድ በደም ተነክሯል። ጥይቱም አቅጣጫውን ስቶ የአሳማውን ታፋ ጭሮት አልፏል። የቆሰለ አሳማ ይሸሻል እንዳትሉ! ቀጥ ብሎ ወደ እኛ መጣ።

«ዘውዱ፣ ተነስ!» ብዬ ጮህኩ። እሱ ክንዱን እያየ ፈዟል። ተኮስኩ፣ ሳትኩ። አቀባብዬ ቀና ስል አሳማው ዘውዱን ገጭቶ ጥሎታል። ጭኑን በክራንቻው ዘነጠለው። ሁለቱ አንድ ላይ ጭቃ ውስጥ ይንከባለላሉ፤ የትኛው እግር የማን እንደሆነ አይለይም። «መኮንን፣ ተኩስ! በኢየሱስ ስም፣ ተኩስ!» ይለኛል። እንዴት አድርጌ ልተኩስ? ሮጬ ሄጄ አፈሙዙን አሳማው ጆሮ ስር ደገንኩና ቃታውን ሳብኩ። አሳማው እላዩ ላይ ወደቀ።

በቀበቶዬ ጭኑን ጥፍር አድርጌ አሰርኩት። ካርል ጩኸታችንን ሰምቶ በፒክአፑ ደረሰ። ዘውዱን ኋላ ላይ ስናስተኛው ሽማግሌው የተበረገደውን ሳይለንሰር አነሳ፣ ውስጡን አየ፤ የአንዷ ስኒ ቀዳዳ ከሌሎቹ ጋር አልገጠመም።

«ይሄን ስኒ ማነው የቀየረው?»

«እኔ ነኝ» አለ ዘውዱ፣ በዚያ ስቃይ ላይ ሆኖ እንኳ ኮራ ብሎ። «ኦንላይን የጠመንጃ ጽዳት ዕቃ ብለው ነው የሚሸጡት። ትርፍ ስድስት አሉኝ፣ መኪናዬ ውስጥ ናቸው። የድሮዋንም ጠቅልዬ አስቀምጫታለሁ።»

የኛ አገር መካኒክ ነዋ! ዕቃ ሲቀይር አሮጌውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ለባለመኪናው ያስረክባል፣ ቀየርኩ ብሎ እንዳልዋሸ ማስረጃው እሱ ነው። ዘውዱ ይሄን ልማድ ለራሱም አልተወም።

ካርል ፊቱ ልውጥውጥ አለ። «ስማኝ ልጄ። በሕጉ አንዷ ስኒ ብቻዋን እንደ አንድ ሳይለንሰር ነው የምትቆጠረው። አንተ ያስመዘገብከው አንድ ነው። ትርፍ መያዝ አትችልም። የሚቀይረው ፈቃድ ያለው ሠሪ ብቻ ነው፣ አሮጌዋንም እሱ ነው የሚያጠፋት። ፌዴራል ወንጀል ነው፣ እስከ አስር ዓመት ያሳስራል።»

ክው አልኩ። ሰው ጠመንጃ ሳይሆን የቡና ስኒ የምታህል ብረት ገዝቶ አስር ዓመት? ዘውዱ «እማዬ» አለ። እኔ ደንግጬ «ቁልፉን ስጠኝ፣ ኩሬው ውስጥ ልጣላቸው!» ብዬ ወደ መኪናው ስሮጥ ካርል ክንዴን ያዘኝ። «አይሆንም። ከጣልካቸው ይባስ ይከብዳችኋል። ሎየር ጥራ» አለኝ።

ሆስፒታል ተሰፋ፣ ተረፈ። ሎየሩ ስኒዎቹን በሙሉ ለመንግሥት አስረከበለት። «ምናልባት ላይከሱህ ይችላሉ። ግን የመሐላው ቀን የምትሞላው ፎርም አለ፤ እሱ ላይ መዋሸት የለም» አለው። ዘውዱ ፎርሙን ይዞ ሎረንስቪል እኔ ቤት መጣ። ከኢንተርቪው ወዲህ፣ ባትያዝበትም እያወቅህ የፈጸምከው ጥፋት አለ ወይ ይላል። አዎ ወይም የለም።

«አላወቅክም እኮ! የለም በል!» አልኩት፣ ጠረጴዛውን እየደበደብኩ።

«አስር ዓመቱን አላወቅኩም» አለኝ። «ላክልን፣ እኛ ብቻ ነን ሲሉኝ ግን ሰምቻለሁ፣ መኮንን።»

አዎ የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። በክራንች እያነከሰ ወደ መሐላው ሄደ፤ ሌሎቹ ትንንሽ ባንዲራ ይዘው ሲምሉ እሱን ከሰልፉ አውጥተው ወደ ቤት መለሱት። ፋይሉ እየታየ ነው ብለውታል፤ ይኸው ሁለተኛ ዓመቱ።

እና አንተ፣ ስኒህ ከተጣመመች ጠቅልለህ ለሠራው ኩባንያ ትልካለህ። አራት ወር ካሉህ አራት ወር ትጠብቃለህ። ማንም እያሾፈ የሚልህን አትሰማም፣ እኔም ብሆን።

እትዬ በላይነሽ በየእሁዱ ይደውሉልኛል። ልጃቸውን ከአውሬ አፍ ያወጣሁ ሰው ነኛ። «ልጄ፣ ወረቀቱ ምን ደረሰ?» ይሉኛል። «በቅርቡ ነው እትዬ» እላለሁ። ከዚያ ይመርቁኛል፣ «አንተ ባትኖር ልጄ ምን ይውጠው ነበር?» ይላሉ። እኔ ባልኖርማ ኖሮ፣ ዘውዱ ዕቃውን ለኩባንያው ልኮ፣ እያጉረመረመ አራት ወር ጠብቆ፣ እሳቸው ዛሬ እዚህ ይሆኑ ነበር። እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።