የእናቴ ክንድ የተሰበረ ጊዜ

ጎረቤቶቼ ቤት ሲያድሱ የእርጥብ ጄሶ ሽታ በመስኮት ገባና ወደ ስምንት ዓመቴ መለሰኝ።

ሀርጌሳ በአውሮፕላን ስትደበደብ ሸሽተን ኢትዮጵያ ድንበር ላይ ካለ መጠለያ ገባን። ሐኪሙ የእናቴን ክንድ በጄሶ እያሰረ፣ «ምን አገኘሽ?» አላት።

አባቴ ቀደማት። «ግድግዳ ወደቀባት፤ ከፍርስራሹ ያወጣኋት እኔ ነኝ» አለና ወደ እኔ ዞረ። «አይደል እንዴ ልጄ?»

ራሴን ነቀነቅኩ። ክንዷን በዱላ ሲሰብራት ግን በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንድም አውሮፕላን ገና አልመጣም ነበር።

የእናቴ እህት፣ «አሁን ደግሞ አውሮፕላን መጣለት» ብላ አጉረመረመች። ያኔ አልገባኝም። ከዚያ በፊት አባቴ፣ የእናቴን ጥርስ የሰበረው በር፣ ዓይኗን ያበለዘው የፍየል ቀንድ ነው ብሎኝ ነበር። አባቴ ስለሆነ አምኜዋለሁ።

ዛሬ እናቴም አባቴም በሕይወት የሉም። ባለፈው ዓርብ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን፣ «አላህ ይርሐመው፣ ሚስቱን ከፍርስራሽ ያወጣ ሰው ነው» ብላ አመሰገነችው። እንደ ወትሮው ዝም ልል ነበር፤ አልቻልኩም።

«እማማ፣ የሰበራት እሱ ነው» አልኳት። «ያውም ስንት ዓመት ሙሉ! እኔንም ምስክሩ አደረገኝ።»